በጎረቤት የኀዘን ቀን በዓልን ስለ ማክበር



ባገሩ የሚኖር ሰው በዓሉን ለማክበር ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ቀኑ ሲደርስ ከተማው ሁሉ አብሮት ያከብራልና። ገበያው በግና ዶሮ፥ ቅቤና ሽንኩርት ይሞላል፤ ልጆች ይዘፍናሉ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን «እንኳን አደረሰህ» ይለዋል፤ መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ይዘጋል። በባዕድ አገር የሚኖር ሰው ግን በማለዳ ተነሥቶ መስኮቱን ሲከፍት መንገዱ የትናንቱ መንገድ ነው። ለእርሱ ዓመት በዓል የሆነው ቀን ለጎረቤቱ ተራ የሥራ ቀን ነው። ያን ጊዜ ልቡ «ይህን ቀን ስለ ምን አከብራለሁ? ከማንስ ጋራ አከብራለሁ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ይህ ጥያቄ ብቻውን ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው። ለእኛ የደስታ ቀን የሆነው ለጎረቤታችን የኀዘን ቀን የሆነ እንደ ሆነ ምን ልናደርግ ይገባናል?

ይህ ለክርክር ብቻ የታሰበ ነገር አይደለም፤ በእውነት የሆነና በየዓመቱ የሚመለስ ነው። እኛ ዘመን የምንለውጥበት መስከረም 1 ቀን በፈረንጆች አቈጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል። በመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በፈረንጆች በ2001 ዓ.ም.፥ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በአሜሪካ አገር አራት የመንገደኛ አውሮፕላኖችን በኃይል ያዙ። ሁለቱን በኒው ዮርክ ከተማ ከነበሩት መንታ ሕንፃዎች ጋራ አጋጩ፤ አንዱን በዋሽንግተን አጠገብ በአርሊንግተን ካለው ፔንታጎን ከሚባለው የጦር መሥሪያ ቤት ጋራ አጋጩ፤ አራተኛውም ተሳፋሪዎቹ በታገሉ ጊዜ በፔንሲልቬኒያ መስክ ላይ ወደቀ። በዚያ ቀን የሞቱት ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋሉ፤ በፔንታጎን በኩል ብቻ የሞቱት 184 ነበሩ። ከሟቾቹም ብዙዎቹ ለእንጀራቸው ወደ ሥራ የገቡ፥ ቡናቸውን ገና ያልጠጡ ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ሕንፃውን በመታ ጊዜ በኒው ዮርክ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነበር። በአዲስ አበባ ያን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ነበርና ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ ዘፍነው ተመልሰዋል፤ ቤተ ሰብም ከምሳ ተነሥቶ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ነበር። በአሜሪካ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ግን በዓሉ ገና መጀመሩ ነበር።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ ያ ቀን በዞረ ቍጥር በአሜሪካ ባንዲራው ዝቅ ብሎ ይውላል፤ በዚያች ደቂቃ ሕዝቡ ዝም ብሎ ይቆማል፤ በኒው ዮርክም የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ይነበባል። ደግሞም በዚያው በአርሊንግተን፥ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በዚያው ቀን ዶሮ ወጥ ይሠራሉ፥ ዳቦ ይደፋሉ፥ ቡና ያፈላሉ፥ ለልጆቻቸውም አበባ ይገዛሉ። በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ፥ ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት፥ የእነርሱ ኀዘን በዋዜማችን ይውልና የእኛ በዓል በማግሥቱ ይሆናል። በቀሩት ሦስት ዓመታት ኀዘኑና ደስታው በአንድ ቀን ይገናኛሉ።

እንግዲህ አንድ ሰው እናስብ። ይህ ሰው በአርሊንግተን ብዙ ቤተ ሰብ በሚኖርበት ፎቅ ቤት ይኖራል፤ ሥራው ታክሲ መንዳት ነው። በመስከረም 1 ቀን ጠዋት ነጭ ልብስ ለብሶ፥ ድፎ ዳቦ ይዞ፥ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች የስምንት ዓመት ልጁን አስከትሎ ወደ ወዳጆቹ ቤት ለመሄድ ደረጃውን ይወርዳል። ልጅቱ ቢጫ አበባ በእጅዋ ይዛ እናትዋ ያስተማረቻትን ዜማ ታንጐራጕራለች። ከታችኛው ፎቅም አንዲት አሮጊት ጥቁር ልብስ ለብሳ፥ እርስዋም አበባ ይዛ፥ ከቤትዋ ትወጣለች። ባልዋ በ1994 ዓ.ም. በፔንታጎን ከሞቱት አንዱ ነው፤ አበባውንም ወደ መቃብሩ ትወስዳለች። በደረጃው ላይ ተገናኙ። አሮጊቲቱ የልጅቱን ልብስ አይታ ፈገግ ለማለት ሞከረችና «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብላ ጠየቀች።

አንባቢ ሆይ፤ አንተ በዚያ ደረጃ ላይ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር?

አንዱ ምክር እንዲህ ይላል፦ «ይህን ኀዘን እኔ አላመጣሁትም። በዓሌ ከእነርሱ ኀዘን በፊት ብዙ መቶ ዓመት የነበረ ነው። እነርሱ የራሳቸውን ይዘኑ፤ እኔም የራሴን አከብራለሁ።» በዚህ ንግግር ውስጥ ሐሰት የለም። በዓሉ የቀደመ ነው፤ ሰውየውም በዚያ ክፉ ሥራ እጁ የለበትም። ነገር ግን ፍቅር «እኔ ምን በደልሁ?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም፤ «በአጠገቤ ያለው ሰው ዛሬ እንዴት አደረ?» ብሎ ይጠይቃል። ባገራችን ሠርግና ለቅሶ በአንድ መንደር ቢገጥሙ ባለ ሠርጉ «ሠርጌ ከለቅሶህ በፊት ቀን የተቈረጠለት ነው» ብሎ በኀዘንተኛው ደጅ ከበሮ አያስመታም። ከበሮውን ዝቅ ያደርጋል፤ መንገዱን ይለውጣል፤ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ይጠይቃል። መብት ስለሌለው አይደለም፤ ሰው ስለ ሆነ ነው እንጂ።

ሁለተኛው ምክር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በዓልህን ሰውር። ዳቦውን በነጠላህ ሸፍን። አሮጊቲቱ ስትጠይቅህ ‹ምንም አይደለም› ብለህ እለፍ።» ይህ ትሕትና ይመስላል፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ምክር ይልቅ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ደግመህ ብትመረምረው ሐሰት አለበት። አሮጊቲቱ በዓልህን ተው አላለችህም፤ ጠየቀችህ እንጂ። በሐሰት ብትመልስላት ኀዘንዋን አላከበርህም፤ እውነትን ከማይችሉ ሰዎች ቈጠርሃት እንጂ። ከዚህም የሚከፋ ነገር አለ። ልጅቱ በአጠገብህ ቆማ ትሰማለች። አባትዋ የለበሰችውን ልብስና የያዘችውን አበባ «ምንም አይደለም» ሲል በሰማች ጊዜ ምን ትማራለች? ያገርዋ በዓል ሰው ሲጠይቅ የሚካድ ነገር መሆኑን ትማራለች። ባደገችም ጊዜ ዜማውን የተወች እንደ ሆነ ወላጆችዋ «ባዕድ አገር ልጃችንን ወሰደብን» ይላሉ፤ ነገር ግን ትምህርቱን የሰጣት በደረጃው ላይ የገዛ አባትዋ ነበር።

እነዚህ ሁለት ምክሮች የማይመሳሰሉ ሲሆኑ ሥራቸው አንድ ነው። አንደኛው ስለ መብቱ ያስባል፥ ሁለተኛው ስለ ፍርሃቱ ያስባል፤ ሁለቱም ግን ስለ አሮጊቲቱ አያስቡም። ዳግመኛም ሁለቱም ደስታና ኀዘን በአንድ ልብ ሊያድሩ አይችሉም ብለው ያምናሉ። ይህ እውነት እንዳልሆነ ግን የገዛ በዓላችን ያስተምረናል።

ዘወትር የምንለውን ቃል እንመርምር። «እንኳን አደረሰህ» ማለት ምን ማለት ነው? ዓመቱ ረጅም ነበር፤ በሽታ ነበረ፥ ክረምት ነበረ፥ የሞላ ወንዝ ነበረ፤ አንተ ግን እስከዚህ ቀን ደረስህ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ቃል ውስጥ ያልደረሱት ሰዎች አሉ። ሁሉ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ «እንኳን አደረሰህ» መባባል ባላስፈለገ ነበር። ይህ ቃል ከሞት ተርፎ የቆመ ሰው ለሌላው የተረፈ የሚሰጠው ሰላምታ ነው እንጂ የሚመካ ሰው ቃል አይደለም።

ልማዳችንም ከዚህ ጋራ ይስማማል። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት በዓሉን እንደ ሌላው ቤት አያከብርም። ጎረቤቶቹም ይህን ስለሚያውቁ በዚያ ቀን አይረሱትም፤ ምግብ ይዘው ሄደው ከኀዘንተኛው ጋራ ይቀመጣሉ፥ ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከልጆቻቸው ጋራ ይደሰታሉ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ግብዝ ነው የሚለው የለም። በዚያው ቀን፥ በዚያው ልብስ፥ ሁለቱንም ያደርጋል። እንግዲህ ባገሩ ሳለ ይህን ያውቅ የነበረ ሰው ባሕር በተሻገረ ጊዜ ስለ ምን ይረሳዋል? ዶሮ ወጡን ለመሥራት በርበሬውን ካገሩ ያስመጣል፤ ለቅሶ መድረስን ግን እዚያው ትቶት ይሄዳልን? ከበዓላችን ሁሉ ይልቅ ለጎረቤት የሚጠቅመው ይህ ልማድ ነበር፤ ለመሸከምም አይከብድም።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን መንገድ ያሳየናል። በኦሪት ዘዳግም ስለ በዓላት ሥርዓት በተሰጠ ጊዜ የቤቱ ጌታ ከልጆቹና ከአገልጋዮቹ ጋራ ብቻ እንዲደሰት አልታዘዘም፤ መጻተኛውና ድኻ አደጉ፥ መበለቲቱም በደስታው እንዲካፈሉ ታዘዘ። እንግዲህ ነገሩን ልብ በል። በባዕድ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዓመቱ ቀኖች ሁሉ መጻተኛ ነው፤ በዚያ ቀን ግን የማዕዱ ባለቤት ነው። በደረጃው ላይ የተገናኘችውም መበለት ናት። ሐዋርያው ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ደስ ከሚላቸው ጋራ ደስ እንዲለን፥ ከሚያለቅሱም ጋራ እንድናለቅስ አጥብቆ ይመክረናል። ሁለቱን ነገር ለሁለት ዓይነት ሰዎች ከፍሎ አልሰጠም፤ ሁለቱንም ለአንድ ሰው አዘዘ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ አንባቢ በቍጣ ተነሥቶ ይህን ይለን ይሆናል፦ «እናንተ ለእነርሱ ሙታን እንድናዝን ትመክሩናላችሁ፤ ለእኛ ሙታን ማን አዘነ? በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣልያኖች በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገድሉ፥ ቤት ከነነዋሪው ሲያቃጥሉ፥ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ያ ቀን ሲዞር ባንዲራውን ዝቅ የሚያደርግ የባዕድ ከተማ የትኛው ነው?»

ይህ ነገር በከንቱ የተነገረ አይደለም፤ በቀላልም ልንመልሰው አይገባም። በእውነት የዓለም ኀዘን በእኩል አይከፈልም፤ የኀያላን ሙታን በየአገሩ ይታወሳሉ፥ የድኾች ሙታን ግን ባገራቸው ብቻ። ይህ በደል ነው። ነገር ግን በደሉን ያደረገች አሮጊቲቱ ናትን? እርስዋ ዓለም አይደለችም፤ መንግሥትም አይደለችም፤ ባልዋ የሞተባት ሴት ናት። እኛም ኀዘንን እንደ ብድር ቈጥረን «አስቀድማችሁ ለእኛ ክፈሉ» ያልን እንደ ሆነ ሁሉም የሌላውን እየጠበቀ በምድር ላይ የሚያለቅስ ሰው ይጠፋል። ይልቁንም ስለ የካቲት 12 ለባዕድ ሰው ለመናገር የሚችል፥ የባዕዱን ኀዘን አስቀድሞ የሰማ ሰው ነው። የሰማ ሰው ይሰማለታልና።

ሌላም መለየት የሚገባን ነገር አለ። ጎረቤት ባዘነ ቍጥር በዓላችንን ሁሉ ዝም እናሰኝ አላልንም። በሮም ከተማ በታላቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የአምስት መቶዎቹ አደባባይ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ የተሰጠው በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ድል ባደረጉ ጊዜ ለወደቁት የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ሐውልታቸውም በዚያው አጠገብ ቆሞአል። በሮም የሚኖር ኢትዮጵያዊ በየካቲት 23 ቀን የአድዋን ድል ሲያስብ በዚህ አደባባይ ያልፍ ይሆናል። ስለ እነዚያ ሙታን ብሎ አድዋን ሊሰውር ይገባዋልን? አይገባውም። በፔንታጎን የሞተው ሰው ወደ ሥራው የገባ ሰው ነበር፤ ወደ ዶጋሊና ወደ አድዋ የመጣው ሠራዊት ግን የሰው አገር ሊወስድ የመጣ ነበር። አገሩን ጠብቆ ነጻ የሆነ ሕዝብ ስለ ነጻነቱ ይቅርታ አይጠይቅም።

እንዲህም ሲሆን ድልን ማሰብ ሌላ ነው፥ በሞተ ሰው ላይ መሳለቅ ሌላ ነው። ከወታደሮቹ ብዙዎቹ መንግሥታቸው ያዘዛቸው የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ደግሞም እውነተኛ መታሰቢያ የራስን ነገር አይሸሽግም። ከአድዋ በኋላ ለጣልያን ከተዋጉት ምርኮኞች መካከል ብዙ የኤርትራ ተወላጆች ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን ተቈርጠዋል። ዛሬ በሮምም ሆነ በዋሽንግተን ኤርትራዊውና ኢትዮጵያዊው በአንድ መንገድ ይኖራሉ፤ አንዱ ከሌላው ሱቅ ይገዛል። በየካቲት 23 ቀን ከኤርትራዊ ጎረቤትህ ጋራ ስትቀመጥ፥ ስለ ድሉ ብቻ ተናግረህ ስለዚህ ዝም ያልህ እንደ ሆነ በዓልህ እውነት ይጐድለዋል። የሚያምር በዓል ማለት ጎረቤት በተቀመጠበት ሳይለወጥ ሊነገር የሚችል በዓል ማለት ነው። ይህም መፈተኛ በባዕድ አገር በፍጥነት ይገኛል፤ ባገራችን ሁሉም አብሮን ስለሚዘፍን ስሕተታችንን የሚያሳየን አናገኝም።

እንግዲህ ወደ ደረጃው እንመለስ። ሰውየው ምን ይመልስ? እውነቱን ይመልስ። «እመቤቴ፥ ዛሬ ያገራችን አዲስ ዓመት ነው። ለእርስዎም ምን ቀን እንደ ሆነ አውቃለሁ» ይበል። ከዚህ በላይ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ኀዘንተኛ ስለ ዓለም ሁኔታ የሚተረክለትን አይወድም፤ ቀኑን የሚያውቅለትን ሰው ይወዳል። ከዚያም ቆሞ ይጠብቅ። አሮጊቲቱ ስለ ባልዋ መናገር ብትፈልግ ወዳጆቹ ቤት ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ምንም አይደለም፤ ዝም ብላ ማለፍ ብትፈልግም መንገዱን ይልቀቅላት። ልጁንም በኋላ ለብቻዋ አስቀምጦ እንዲህ ይንገራት፦ «ያች ሴት በዚህ ቀን ባልዋ ሞተባት። በዚህ ቀን እኛ እንኳን አደረሰህ የምንባባለው ሁሉ ሰው ስለማይደርስ ነው። ዜማሽን አትተይ፤ በበርዋ አጠገብ ስትደርሺ ግን ቀስ ብለሽ እለፊ።» የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ለማስተዋል ትችላለች። በትምህርት ቤትም በጠዋቱ ከባልንጀሮችዋ ጋራ ዝም ብላ ስትቆም፥ ማታም በቤትዋ ስትዘፍን፥ ሁለት ልጆች ሳትሆን አንዲት ልጅ ሆና ታድጋለች።

በመጨረሻም እነዚህን ጥቂት ነገሮች ልብ በል። አንደኛ፥ በምትኖርበት አገር ሕዝቡ የሚያዝንበትንና የሚደሰትበትን ቀን እወቅ፤ ሰባት ዓመት በአንድ ከተማ ኖሮ የጎረቤቱን የኀዘን ቀን የማያውቅ ሰው በዚያ ከተማ አልኖረም፥ አደረበት እንጂ። ሁለተኛ፥ በዓልህን አትካድ፤ ሲጠይቁህ በደስታና በእውነት ተናገር። ሦስተኛ፥ በዓልህን በሌላው ላይ አታንሣው፤ መኪና እያስጮህህና ሙዚቃ ከፍ እያደረግህ በኀዘንተኛ ደጅ አትለፍ። አራተኛ፥ ከማዕድህ ከፍለህ ላክ። በዚያ ቀን ማታ፥ አሮጊቲቱ ከመቃብር ተመልሳ ብቻዋን በተቀመጠች ጊዜ፥ ከድፎው ዳቦ ቈርሰህ በሳሕን አድርገህ ልጅህን አስይዘህ በርዋን አንኳኳ። ትቀበል ወይም አትቀበል የእርስዋ ነገር ነው፤ ማንኳኳቱ ግን ያንተ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ከአገሩ የወጣ ሰው ብዙ ነገር ትቶ ይወጣል፤ ቤቱን፥ እናቱን፥ የወንዙን ድምፅ፥ በመስከረም ሜዳውን የሚሸፍነውን አደይ አበባ ትቶ ይወጣል። ይህን ሁሉ መልሶ ለማግኘት በበዓል ቀን ይደክማል፤ ግማሹንም አያገኘውም። ነገር ግን አንድ ነገር በእጁ አለ፥ ማንም አይወስድበትም፤ እርሱም ባገሩ የተማረው የጎረቤት ሥርዓት ነው። ይህን በባዕዱ ደጅ ያደረገ ሰው ከአገሩ እጅግ ርቆ ሳለ በዚያ ቀን ካገሩ አልራቀም።